አውሮፕላኑን ተዉትና እግሩን እዩ

እንጦጦ ላይ ጭስ በታየ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። «ቆይ፣ እኛ አገር እሳት ማጥፊያ አውሮፕላን የለም እንዴ?» ቴሌግራም ላይ ይጀምራል፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ይለጠፍበታል። አንድ ቢጫ አውሮፕላን ተራራ ታክኮ ይመጣል፣ ሆዱን ይከፍታል፣ ቀይ ፈሳሽ ይለቃል፣ ከኋላው ሙዚቃ አለ። አስተያየት መስጫው ውስጥ ሁላችንም የአቪዬሽን ባለሙያ እንሆናለን። «በአፍሪካ ትልቁን አየር መንገድ ይዘን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አጣን?» የሚል አይጠፋም። ላይኩ ደግሞ ለእሱ ነው።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ከበራችን ቀና ሲሉ የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አላሾፍበትም። ጥር ላይ ሣሩ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ እኛ ሰፈር ጭስ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጫካው ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው። ግን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ክፉ አመል አለው፤ ዕቃ ሲያይ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን «ይሄን በየዓመቱ ማን ይቀልበዋል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ አመሌ የትንሽ እሳት ማጥፊያ አውሮፕላኖችን ነገር ሳገላብጥ ዓይኔ ያረፈው ውሃ መያዣው ላይ አይደለም። እግሩ ላይ ነው። ላንዲንግ ጊሩ፣ የማረፊያ ጎማው ላይ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት ትንንሽ እሳት ማጥፊያ አውሮፕላኖች አንዱ የአሜሪካው ኤር ትራክተር ኤቲ-802 ነው። ስሙ እንደሚናገረው ዘሩ ከእርሻ ነው፤ ሰብል ላይ መድኃኒት ከሚረጩት አውሮፕላኖች ወገን ነው። አንድ ሞተር አለው። ወደ 3,000 ሊትር ውሃ ይይዛል፣ ከነሙሉ ጭነቱ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ማለትም ሲነሳ ከክብደቱ 40 በመቶ በላይ ውሃ ነው።

አሁን ይሄን ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር አስተያዩት። ከዋሽንግተን ቦሌ የሚመጣው ትልቁ አውሮፕላን ከአሥር ሰዓት በላይ በርሮ አንድ ጊዜ ያርፋል። ትንሹ እሳት ማጥፊያ ግን ለእያንዳንዱ 3,000 ሊትር አንድ ጊዜ ሙሉ ጭኖ መነሳት፣ አንድ ጊዜ ማረፍ አለበት። አሥር ጊዜ ውሃ ካፈሰሰ አሥር ጊዜ አርፏል ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ቀን። ብዙ ጊዜም የሚያርፈው እንደ ቦሌ በለሰለሰ አስፋልት ላይ አይደለም፤ እሳቱ አጠገብ ባለ አጭር፣ ምናልባትም ጠጠር በሆነ ሜዳ ላይ ነው። በፎቶ የሚያምረው ውሃው ነው። ጉልበቱን የሚከፍለው ግን እግሩ ነው።

ለዚህ ነው አምራቾቹ የዚህን አውሮፕላን ጎማ የማይታጠፍ ያደረጉት። እንደ ትልልቆቹ ወደ ሆድ አይገባም፤ ወፍራም የብረት እግር ሁልጊዜ እንደተዘረጋ ነው። የማይታጠፍ ነገር «አልወርድም» አይልም። ያም ሆኖ ከችግር አያመልጥም። በጎን ነፋስ ሲመታው፣ ፍሬኑ በአንድ ወገን ሲይዝ ወይም የኋላዋ ትንሽ ጎማ ስታስቸግር አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ ይሾራል፤ ያኔ እግሩ ይጎብጣል፣ ክንፉ መሬት ይጭራል።

የዚሁ አውሮፕላን ሌላ ዓይነት አለ፤ እንደ ጀልባ መንሳፈፊያ የተገጠመለት። ሐይቅ ላይ እየተንሸራተተ በሰከንዶች ውስጥ ውሃ ይቀዳል። ይሄኛው የሚታጠፍ ጎማ አለው፤ መሬት ላይ ለማረፍ ጎማው መውረድ፣ ውሃ ላይ ለማረፍ ደግሞ መግባት አለበት። ጎማው ወርዶ ውሃ ላይ ካረፈ ጎማው ውሃውን ይይዝና አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተደፍቶ ይገለበጣል። ስለዚህ ለማረፍ ሲቃረብ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ ጎማህ ገብቷል፣ ለውሃ ነው፤ ጎማህ ወርዷል፣ ለመሬት ነው እያለ ለፓይለቱ ይናገራል። ሰው በጭስ ውስጥ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲመላለስ ምን ሊረሳ እንደሚችል ስላወቁት ነው።

ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2012 አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ አንድ እሳት ማጥፊያ አውሮፕላን የግራ ጎማው አልወርድ አለ። ከኤር ትራክተር የሚተልቅ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለባሕር ኃይል ቅኝት የተሠራና ኋላ ለእሳት የተቀየረ አሮጌ አውሮፕላን ነበር። ፓይለቶቹ ሚንደን የሚባለው ቦታ ላይ እንደዚያው አሳረፉት፣ ከሁለቱ አንዳቸውም አልተጎዱም። በዚያው ቀን ግን ዩታ ውስጥ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ ሌላ አውሮፕላን እሳት ላይ ሳለ ተከስክሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። የሁለቱ አደጋ ምክንያት ይለያያል። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠሩ መሆናቸው ነው። የዓለም ሀብታም አገር እንኳ እሳት የሚያጠፋው በአያቶች ዘመን አውሮፕላን ነበር።

እኛ ጋ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ከፍታ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ቦሌ ላይ ሲያርፍ ጅቡቲ ላይ ከሚያርፍበት በ12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሬት ይነካል። ጎማና ፍሬኑ የሚውጡት ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ሩብ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። የአስራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፣ አትፍሩት። ሞተሩም ትንፋሹ ይቀንሳልና «3,000 ሊትር» የሚለው ቁጥር እዚህ ሲደርስ እንዳለ አይቆይም። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውሃ እየቀዳ የሚነሳውን ዓይነት ብናመጣስ? ለጉለሌ ቅርብ የሆነው ገፈርሳ ነው። የምንጠጣው ውሃ መሆኑን እንኳ ብንተወው ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለ ትንሽ ግድብ ነው።

አይቻልም እያልኩ አይደለም። ይቻላል። ሂሳቡ ግን ቲክቶክ ላይ እንደሚታየው አይደለም።

ሂሳብ ካልን አይቀር። እኛ ጋ የእሳቱ ወቅት በጋው ነው፣ ከኅዳር እስከ ዝናቡ። በቀረው ጊዜ አውሮፕላኑ ይቆማል። የቆመ አውሮፕላን የሚያርፍ ይመስለናል፤ እሱ ግን ቆሞ ያረጃል። የጎማ ማኅተሞች ይደርቃሉ፣ ሃይድሮሊክ ዘይት ውስጥ እርጥበት ይገባል፣ ብረት ይዝጋል፣ ጎማው በአንድ ወገን ክብደት ተጭኖት ይጠፈጠፋል። ሳይበር የሚከፈልበት ነገር ነው። ቴክኒሻን መቅጠር፣ ፓይለቱን በየጊዜው ማለማመድ፣ ጎማና ፍሬን መቀየር፣ እግሩን ፈትቶ ስንጥቅ መፈተሽ፤ አንዱም ወጪ «እሳት ስላልነበረ ዘንድሮ ይቅር» አይባልም። መለዋወጫው ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያ ክረምት በብር የጥገና በጀት ይዞ የነበረ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከጎማው ግማሹን አጣ ማለት ነው።

የዚህ ነገር መጨረሻ ምን እንደሚመስል ቱርክ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መጨረሻ የደቡብ ቱርክ ጫካ ሲቀጣጠል ሕዝቡ እንደኛው «አውሮፕላኑስ?» ብሎ ጠየቀ። አውሮፕላን ነበር። የቱርክ አየር ማህበር ውሃ ቀጂ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ግን መሬት ላይ ቆመው ነበር፣ የሚበር አልነበረም። መንግሥት አሮጌ ናቸው አለ፣ ተቃዋሚው አልጠገናችኋቸውም አለ፤ ጫካው በመሃል ነደደ። ከሩሲያ አውሮፕላን ተከራዩ። ከተከራዩት አንዱ ነሐሴ ላይ ተራራ ላይ ወድቆ ስምንት ሰው ሞተ። ቱርክ እኮ አውሮፕላን የምትሠራ አገር ናት። የጎደላት አውሮፕላን መግዛት ሳይሆን በእሳት በሌለበት ዓመት እሳት ማጥፊያ መጠገን ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። ብዙዎቻችሁ አታውቁት ይሆናል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ መጨረሻ የእርሻ አውሮፕላን እዚሁ አዲስ አበባ ይገጣጥም ነበር። አግ-ካት የሚባለውን የአሜሪካ አውሮፕላን በፈቃድ ወስዶ ስሙን «እሸት» አለው። ስሙን ስወደው! ኤር ትራክተሩ የወጣበት ዓይነት ቤተሰብ ነው፤ አንድ ሞተር፣ የማይታጠፍ ጎማ፣ ሆዱ ውስጥ መርጫ። አግ-ካት በሌላ አገር ለእሳትም ውሏል። ማለትም ጉለሌ ሆነን «ከየት እናመጣለን?» የምንለውን ነገር ዘመዱን ከቦሌ ሠርተን አስነስተናል። የሠራነውን ማስቀጠል ነው ያልሆነልን፣ እና ይሄ ስለ ቴክኖሎጂ የሚነገር ነገር አይመስለኝም።

በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ጫካ ሲቃጠል ከ100,000 ሄክታር በላይ ወደመ፤ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያ መጣ፤ ተማሪና ወታደር ቅጠል ይዞ ወጣ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሰሜን ተራሮች ሲነድ ገበሬው ቅጠልና አፈር ይዞ ቀናትን ታገለ። ሄሊኮፕተር የመጣው ከኬንያ ነው፤ ከእስራኤል ደግሞ የባለሙያ ቡድን መጣ። ዋልያው ያለበት፣ የዓለም ቅርስ የሆነ ተራራ! በሁለቱ እሳቶች መካከል 19 ዓመት አለ፣ እኛም ሁለቱንም ጊዜ ስልክ ደዋይ ነበርን።

የእስራኤሉ ነገር ለብቻው ይታይ። ለእኛ ባለሙያ የላከችው አገር ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2010 ካርሜል ተራራ ላይ 44 ሰው የገደለ እሳት ሲነሳባት ራሷ ከጎረቤትና ከሩቅ አገር አውሮፕላን ለምና ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኤር ትራክተሮችን ገዛች። ግን አውሮፕላን ብቻ አልገዛችም፤ ጥገናውንና ማብረሩን ጭምር ለኩባንያዎች በውል ሰጠች። መንግሥት የሚከፍለው ለቆመ ብረት ሳይሆን በተጠራ ሰዓት ለሚነሳ አውሮፕላን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። በኛ አገር ጨረታ «አንድ አውሮፕላን፣ ከነሙሉ ዕቃው» ይላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የዛሬ አምስት ዓመት የግራ ጎማውን ማኅተም ማን ይቀይራል የሚለው ላይ ካሜራ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው ከተነሳ አቋሜ ይሄ ነው። አዲስ አበባ፣ እንኳን ጉለሌ፣ የራሷ እሳት ማጥፊያ አውሮፕላን አያስፈልጋትም። በፌዴራል ደረጃ ለባሌ፣ ለሰሜን ተራሮች፣ ለሌላውም ጫካ የሚሆን፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር በመጋራትም ሊሆን ይችላል፣ ለበጋው ወራት ብቻ ከነጥገናው በውል የሚከራይ አቅም ግን ያስፈልጋል። እዚያ ላይ እከራከራለሁ። የከተማዋን ገንዘብ ግን ወደ ሰማይ አትወርውሩት።

ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ ለሚነሳ እሳት አውሮፕላን ምንም አያደርግልንም። ሰሜን ተራሮች ሲነድ በነበረበት በዚያው ሳምንት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2019፣ ፓሪስ ውስጥ ኖትር ዳም ካቴድራል ነደደ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትራምፕ በትዊተር ውሃ የሚረጭ አውሮፕላን ላኩ ብለው መከሩ። የፈረንሳይ ሲቪል መከላከያ መልስ ሰጠ፤ ከላይ የሚወርደው የውሃ ክብደት ሕንጻውን ሊያፈርሰው ይችላል። የድንጋይ ካቴድራል ነው እንግዲህ። ቀጨኔ ያለ የጭቃ ቤት ላይ ሦስት ቶን ውሃ ሲወርድበት አስቡት። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድም የሄሊኮፕተር ጥያቄ ታይምላይኔን ሞልቶት ነበር። ዋናው ችግር ግን መሬት ላይ ነበር፤ ጠባብ መንገድና የተጨናነቀ ሰፈር።

ጫካ ላይ እንኳ አውሮፕላን እሳት አያጠፋም። ያዘገየዋል። የሚያጠፋው ከሥር ያለ ሰው ነው፤ አካፋ፣ መጥረቢያ፣ ቅጠል፣ የጀርባ ውሃ መርጫ ይዞ ፍሙን እየቆፈረ የሚቀብር። ሰው ከሌለ አውሮፕላኑ ያረጠበው መሬት በነፋስ ይደርቅና እሳቱ ይቀጥላል።

እንግዲህ የጉለሌ ላንዲንግ ጊር ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከሰፈሬ ልጀምር። 939 ደውለን የእሳት አደጋ መኪናው ቢመጣ እስከ የት ይደርሳል? ከዋናው አስፋልት ወደ ላይ፣ ኮብልስቶኑ እስኪያልቅ። ከዚያ በኋላ ያለው አቀበት የእግር መንገድ ነው። አንድ ውሃ ቦቴ ብዙ ጊዜ ከኤር ትራክተር በላይ ውሃ ይይዛል፤ የጎደለው ውሃው ሳይሆን መድረሻው ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ብቻውን ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ከእሱ በላይና በጎን ያለውን ባሕር ዛፍ ጨምሩበት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለማገዶ ብለን የተከልነው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል፤ የደረቀው ከሥሩ ተቆልሎ ክብሪት ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሳውን ላንሳ። ያንን ቅጠል ለዓመታት የጠረጉት የእንጦጦ እናቶችና እህቶች ናቸው። ጎብኝ ፎቶ የሚያነሳቸው፣ ጥበቃ የሚያባርራቸው፣ ከራሳቸው ክብደት የሚስተካከል ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ማንም ያልከፈላቸው አገልግሎት ነበር፤ የሚሸከሙት ነገር ካልተለቀመ እዚያው የእሳት መኖ ይሆናል። ሥራው ጀርባ የሚሰብር ነው፣ ይቀጥል አልልም። ግን ከጫካው ስናስወጣቸው ሥራውን ማን ተረከበ? ያው ሰው በወር ደመወዝ፣ በጋሪ ወይም በመኪና፣ ለእሳት መከላከያ ብሎ ቢጠርገው ከአንድ ማኅተም ያነሰ ዶላር ነው የሚፈልገው። እንዲያውም ዶላር አይፈልግም።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችውን ፕሮግራም ለዚህ ነው የምወደው። ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ቀጥራ እሳት አጥፊ አደረገቻቸው፣ ቁጥራቸው ከ5,000 በላይ ደረሰ። አውሮፕላንም አላቸው፣ ኤር ትራክተርም ጭምር። ቅደም ተከተሉን ግን እዩ፤ በወቅቱ መስመር የሚጠርግ፣ ጭስ የሚጠብቅ፣ እሳት ሲነሳ የሚሮጥ ሰው በየቦታው አለ፤ አውሮፕላኑ ለእነሱ ጊዜ ይገዛላቸዋል። እኛ ሰፈር ስንት ልጅ ነው ዲግሪ ይዞ አዲሱ ገበያ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ የሚጠብቀው? ግማሾቹ አቀበቱን ከማንም ፓይለት በተሻለ ያውቁታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የሚሮጡበት ነው።

ወጪው ይሄን ያህል ነው ብዬ ቁጥር አልፈጥርላችሁም። ማን ምን መሥራት እንዳለበት ግን ግልጽ ነው። ሣሩ መስከረም ላይ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ይቢጫል፣ ታኅሣሥ ላይ ወረቀት ይሆናል። መስመሩ የሚጠረገው በጥቅምትና በኅዳር መካከል ነው፤ ያንን የሚሠራ ሰው መቅጠሪያ ገንዘብ ደግሞ ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ ካልገባ ጥቅምት ላይ ከየትም አይመጣም። ክፍለ ከተማው ለሚቀጥለው ዓመት ሲያቅድ «የእሳት መስመር ጠረጋ፣ የጫካ ጠባቂ ደመወዝ፣ የውሃ መቅጃ ጥገና» የሚሉ ሦስት መደቦች አሉ ወይ? የወረዳችሁን ስብሰባ የሚሄድ ካለ ይሄን ይጠይቅልኝ።